ውኃው የማን ነው? ውሳኔውስ የማን?

ርእሰ አንቀጽ

ስለ ዓለም የውኃ ችግር ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ ውኃ የመጀመሪያውን ታላቅ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1977 በአርጀንቲና፣ በማር ዴል ፕላታ ከተማ አደረገ፤ ሁለተኛውን በኒውዮርክ ለማድረግ ግን እስከ 2023 ድረስ 46 ዓመት ቆየ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ንጽሕናው የተጠበቀ የመጠጥ ውኃ እንደሚገባ የማያገኘው ሰው 2.2 ቢሊዮን ነበር። ይህን ቁጥር ሰምቶ የማያዝን የለም። ዳሩ ግን ማዘን አንድ ነገር ነው፤ ችግሩ ምን እንደሆነ መስማማት ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

መሐንዲሱን ብንጠይቀው ችግሩ የመጠን ነው ይለናል። የምጣኔ ሀብት ዐዋቂው የዋጋ ነው ይላል። የሕግ ሰው የመብት፣ የመንግሥት ሰው ደግሞ የድርሻ ጉዳይ ያደርገዋል። የወግዲ ገበሬ የተራ ጉዳይ ነው ይላል። ውኃውን የምትቀዳዋን ሴት ግን የሚጠይቃት ጥቂት ነው። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ እንዳይመስለን። በሽታውን የሰየመ ሰው መድኃኒቱንም የሚያዝዘው እርሱ ነውና፣ «የውኃ ችግር ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከውስጡ ሌላ ጥያቄ ይዟል፤ እርሱም «ስለ ውኃው የሚወስነው ማን ነው?» የሚል ነው። ዛሬ በዚህች ጋዜጣችን ልናነሣው የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ከምናውቀው አገር እንጀምር። ወግዲ በደቡብ ወሎ ምዕራብ፣ ከመካነ ሰላም ጎረቤት፣ በአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለ ወረዳ ነው። አባይ ከደጋው ከሺሕ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፣ አለቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ወለቃም በሽሎም የወሎን ክረምት ሰብስበው ወደ እርሱ ይገባሉ። በሐምሌና በነሐሴ ከየተራራው የሚወርደው ጎርፍ ውኃውን ብቻ ሳይሆን አፈሩንም ጠርጎ ይሄዳል። ጥር ካለፈ በኋላ፣ ይልቁንም በልግ በቀረበት ዓመት፣ በዚያው ደጋ ላይ ያለችው ሴት ጄሪካኗን ከምንጩ ዐይን አጠገብ ደርድራ ውኃው እስኪጠራቀም ትጠብቃለች። ምንጩ ብዙውን ጊዜ ከገደሉ ሥር፣ መንደሩ ደግሞ ከገደሉ ራስ ነውና ባዶ ዕቃ ይዞ መውረድ ቀላል፣ ሞልቶ መውጣት ግን ከባድ ነው። «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን አባባል በሌላ አገር ያለ ሰው ለምሳሌ ይናገረው ይሆናል፤ በዚህ አገር ግን የበጋ ወሬ ነው።

እንግዲህ ከላይ የጠቀስናቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እንስማ።

የመሐንዲሱ መለኪያ ከስዊድናዊቷ የውኃ ሊቅ ከማሊን ፋልከንማርክ የመጣ ነው። በዚህ መለኪያ አንድ አገር ለአንድ ሰው በዓመት ከ1,700 ሜትር ኩብ በታች ውኃ ካለው ተጨንቋል፤ ከ1,000 በታች ከሆነ ደግሞ ውኃ አጥሮታል ይባላል። የኢትዮጵያ 12 ተፋሰሶች በዓመት 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል የገጸ ምድር ውኃ እንደሚያፈሱ ይነገራል። በ1987 ዓ.ም. ሕዝባችን በተቆጠረ ጊዜ 53 ሚሊዮን ያህል ስለ ነበረ፣ ለአንድ ሰው ከ2,200 ሜትር ኩብ በላይ ይደርሰው ነበር። ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ስለ ሆንን ድርሻችን ወደ 1,000 ወርዷል። ይህ ስሌት ልናስብበት የሚገባ ነው። ነገር ግን በጋምቤላ የሚፈሰው ባሮ በዚህ ስሌት ለወግዲዋ ሴት ድርሻ ሆኖ ተቆጥሮላታል። እርሷ ባሮን በስም እንኳ ሳታውቀው በወረቀት ላይ ባለ ውኃ ሆናለች ማለት ነው። የቁጥሩ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ ምን ያህል ውኃ እንዳለ ይነግረናል እንጂ ለማን እንደሚደርስ አይነግረንም።

ይህንን ራሳቸው ሊቃውንቱም ተረድተውታል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የሰብአዊ ልማት ሪፖርት፣ የውኃ ችግር ሥሩ የውኃ ማነስ ሳይሆን ሥልጣን፣ ድህነትና የእኩልነት መጓደል ነው ብሎ ተከራክሯል። በ2007 ደግሞ በዓለም አቀፉ የውኃ አስተዳደር ተቋም መሪነት የተዘጋጀው ጥናት ሁለት ዓይነት እጥረት እንዳለ ለየ፤ አንዱ ውኃው ራሱ ያለቀበት፣ ሁለተኛው ውኃው እያለ ለሰው የሚያደርሰው ገንዘብና ሥርዓት የጠፋበት ነው። አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል፣ አገራችንም ጭምር፣ በሁለተኛው ውስጥ ተመደበ። ወግዲን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሪፖርት አያስፈልገውም።

የምጣኔ ሀብት ዐዋቂው ቃል የተነገረው እ.ኤ.አ. በጥር 1992 በዱብሊን በተደረገው ስብሰባ ነው፤ ውኃ ዋጋ ያለው ሸቀጥ ነው፣ ዋጋ የሌለው ነገር ይባክናል ተባለ። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት አለ። ቧንቧ ያረጃል፤ የእጅ ፓምፕ ላስቲኩ ያልቃል፤ መለወጫው ደግሞ በነጻ አይገኝም። ይሁን እንጂ ዋጋ የሚተምነው ማን ነው? በቦሊቪያ፣ በኮቻባምባ ከተማ የውኃው አገልግሎት ለውጭ ኩባንያዎች ማኅበር በውል ተሰጥቶ ዋጋው በድንገት በናረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ውሉም ፈረሰ። የተቆጣው ሕዝብ ሁሉ ለውኃ ምንም አልከፍልም ያለ አልነበረም፤ ስለ ዋጋው የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው። በእኛም ገጠር የውኃ ኮሚቴው በየወሩ ከየቤቱ ጥቂት ብር ይሰበስባል። ፓምፑ የተበላሸ ዕለት ግን ጠጋኙ ከወረዳ እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ፤ ሰዉም «ለማይፈስ ውኃ ምን እከፍላለሁ?» ይላል፤ መዋጮው ይቆማል፤ መዋጮው ሲቆም መጠገኛው ይጠፋል። ሕዝቡ መክፈል አይወድም እየተባለ የሚወቀስበት ነገር መነሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የሕግ ሰው ደግሞ የሚያነሣልን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 2010 የተደረገውን ውሳኔ ነው። በዚያ ቀን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ ውኃ የሰው ልጅ መብት ነው ሲል 122 አገሮች ደገፉ፤ አንድም አልተቃወመም፤ 41 አገሮች ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ድምፅ ካልሰጡት አንዷ አገራችን ኢትዮጵያ ነበረች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ኢትዮጵያውያን ሁሉ ንጹሕ ውኃ እንዲያገኙ ፖሊሲ ይወጣል ይላል፤ «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለውን ቃል ልብ ይሏል። አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው፤ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ የቤት ፍጆታ ይቀድማል ሲል ደንግጓል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ምንጩ የደረቀባት ሴት ይህን አዋጅ ይዛ የማንን በር ታንኳኳ? መብት ማለት የሚጠየቅ ሰው ሲኖር ነው፤ ተጠያቂው ያልታወቀ መብት ከምኞት አይለይም።

የመንግሥት ሰው አነጋገር ለሁላችንም የቀረበና የሚሞቅ ነው፤ ምክንያቱም ስለ አባይ ነው። ታሪኩን ሁላችን እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1929 ግብፅና ብሪታንያ፣ በ1959 ግብፅና ሱዳን ስለ ወንዙ ተዋዋሉ። በሁለተኛው ውል በአስዋን በዓመት የሚደርሰውን 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ቆጥረው፣ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን አደረጉት፤ የቀረውን በትነት የሚጠፋ አሉት። ከዚያ ውኃ ከመቶው 86 ያህሉ የሚሄደው ከኢትዮጵያ ደጋ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በጠረጴዛው ዙሪያ አልተጠራችም። ለውኃው ባለቤት አንዲት ጠብታ አልተመደበም ብቻ ሳይሆን፣ ስሙም በውሉ ውስጥ እንደ ተካፋይ አልተነሣም። ይህ በደል ነው ብለን ጮኽን፤ ጩኸታችንም ትክክል ነበር። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 በእንቴቤ ለፊርማ ቀርቦ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2024 ሥራ ላይ ሲውል፣ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም የሚለው ሐሳብ በሕግ ተጻፈ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ለዚህ ግድብ ደመወዝተኛው ከደመወዙ ሰጥቷል፤ ገበሬው ከጥሪቱ ቦንድ ገዝቷል። በዚህ የማይኮራ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብለን አናምንም።

ታዲያ ክርክራችንን ከፍሬ ነገሩ ብንጨምቀው ምን ነበር? ውኃው የሚነሣበት አገር ሰው ስለ ውኃው ሲወሰን መጠየቅ አለበት የሚል ነው። ያለ እኛ የተቈረጠ ድርሻ አያስረንም ብለናል። ይህን ሐሳብ ከካይሮና ከካርቱም ጋር ስንነጋገር ይዘነው፣ ወደ ወግዲና ወደ ቦረና ስንመለስ እንዴት እንጥለዋለን? የእጅ ፓምፑ የሚተከልበት ቦታ ተቀጅዋ ሳትጠየቅ የተመረጠ እንደሆነ፣ ቦታው ለመኪና እንዲመች ተብሎ ከመንደሩ የራቀ እንደሆነ፣ ፓምፑ ሲሰበር ማን እንደሚጠግነው ማንም ያልነገራት እንደሆነ፣ እርሷም በራሷ ምንጭ ላይ ሳትጠራ የቀረች ሆነች። በደሉ በመጠን ቢያንስ እንጂ በዓይነቱ አይለይም።

በወሎ ደጋ ግን ውኃን በጋራ ማስተዳደር ከውጭ የመጣ አዲስ ትምህርት አይደለም። በአማራ አገር በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የውኃ አባት ይሾማል። የውኃ አባት ማለት ተራ የሚያወጣ፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ተራውን ያለፈውን የሚቀጣ፣ ከላይ ያለው እርሻ ከታች ያለውን እንዳያስጠማው የሚጠብቅ ሰው ነው። በቢሮ ወንበር የለውም፤ ነገር ግን ጥፋት ሲገኝበት በማግሥቱ ከምንጩ ዳር ያገኙታል። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው ራሳቸው ሲጠብቁት የጋራ ሀብት ሳይጠፋ ለዘመናት ሊኖር እንደሚችል አስረዳች፤ በ2009 የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። አዋጅ ቁጥር 841/2006 የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትን በሕግ ያቋቋመውም ይህን መንገድ ተከትሎ ነው።

ይሁንና የአባቶችን ሥርዓት ስናመሰግን ጉድለቱን መሸፈን የለብንም። የውኃ አባቱን የሚመርጡት ባለ መሬቶች ናቸው፤ መሬት የሌለው ወጣት ድምፅ የለውም። ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው ሥልጣኑ የአባት ነው፤ ለእርሻ የሚሄደው ውኃ ተራ ሲወጣለት፣ ለቤት የሚቀዳው ውኃ ጣጣ የእናትና የልጃገረድ ሆኖ ቀርቷል። ከምንጩ ራስ ላይ ባሕር ዛፍ የሚተክለውን ሰው መቅጣትም ከባድ ነው፤ ባሕር ዛፉ ለተካዩ ገንዘብ ነው፤ ጥማቱ ግን የጎረቤት ሁሉ ነው። ስለዚህ የድሮው ሥርዓት እንዳለ ይመለስ አንልም፤ ተጠያቂነቱን እንያዝ፣ ያስቀራቸውንም ሰዎች እናስገባ ነው የምንለው።

በዚህ ላይ የሚነሡብን ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንዱ «የአባይ ክርክር ባላለቀበት ጊዜ የቤትን ጉድ ማውጣት ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው» ይላል። እኛ የምናምነው ተቃራኒውን ነው። ፍትሐዊ አጠቃቀም የሚለው ቃላችን የሚጸናው በቤታችን ሲታይ ነው፤ በራሱ ደጋ የተጠማ ሕዝብ ይዞ ስለ ውኃ መብት መከራከር ግን ክርክሩን ያሳሳዋል። ሌላው «ግድቡ መብራት ያመጣል፤ መብራት ሲመጣ ውኃ በሞተር ይሳባል» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ እንዲሆንም እንመኛለን። ሆኖም ግድቡ የሚገኘው ከወግዲ እጅግ ርቆ፣ በሱዳን ድንበር አጠገብ ነው፤ ከዚያ የሚመነጨው ኃይል በአገር ሁሉ መስመር የሚከፋፈል ነው። ሽቦ በአንድ መንደር ላይ ማለፉና ለመንደሩ መግባቱ ሁለት ነገር እንደሆነ የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሞተር ቢመጣም ቁልፉን ማን እንደሚይዝና ሲቃጠል ማን እንደሚያሠራው መወሰን አይቀርም፤ ወደዚያው ጥያቄ ተመለስን ማለት ነው። ሦስተኛው ወገን «ገበሬው አልተማረም፤ ለባለሙያ ይተው» ይላል። የወሎ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በቅሬ ተደራጅቶ ለቀብርና ለለቅሶ ገንዘብና እህል ሲያዋጣ፣ ማን እንደሰጠና ማን እንዳልሰጠ ለይቶ ሲያውቅ የኖረ ነው። ለሞቱ ሒሳብ የሚይዝ ሕዝብ ለውኃው ሒሳብ መያዝ ያቅተዋል ማለት ስድብ ነው።

አሁን ደግሞ ለራሳችን እንናገር። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ የጠየቁት ጥያቄ፣ መሬቱ የማን ነው የሚል ነበር። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረኀብ ሲያልቅ ዝም በተባለበት ጊዜ፣ ወደ ስፍራው ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ለዩኒቨርሲቲው ሕዝብ ያሳዩ መምህራን ነበሩ። ያ ትውልድ ብዙ ነገር አጥፍቷል የሚል ይኖራል፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ እንከራከራለን። ሄዶ ማየትንና መጠየቅን ግን አስተምሮናል። እኛስ? ስለ ዱብሊን መርሖች በፈተና ላይ አራት ነጥብ ዘርዝረን ማርክ እናገኛለን፤ በተወለድንበት ቀበሌ ስንት ፓምፕ እንደሚሠራ ብንጠየቅ ግን የምንመልስ ስንቶቻችን ነን? በቅጥር ግቢ ውስጥ ቧንቧ በቆመ ቀን እንኳ እናጉረመርማለን እንጂ፣ ሲመጣ ዝም እንላለን፤ ለምን እንደቆመና ማን እንደሚጠየቅ ሳናውቅ ሌላው መቆም ይደርሳል።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በመጪው የዕረፍት ጊዜ ወደ አገሩ የሚሄድ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ደብተር ይያዝ። በቀበሌው ያለውን ምንጭ፣ ጉድጓድና ፓምፕ ሁሉ ይመዝግብ። ይሠራል ወይስ አይሠራም? መቼ ቆመ? ቦታው ሲመረጥ ማን ተጠየቀ? መዋጮው ማን ዘንድ ነው? ሲሰበር ማን ይጠራል፣ በስንት ቀንስ ይመጣል? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይጠይቅ፤ ይልቁንም የምትቀዳዋን ይጠይቅ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ለገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ እንዲደርሰው ታቅዶ ነበር። ይህ ለአምስት ሰው ቤተሰብ 125 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ስድስት ጊዜ ተመላልሶም አይሞላውም። ኪሎ ሜትሩስ በካርታ ላይ የተለካ ነው ወይስ 20 ኪሎ ተሸክሞ አቀበት በሚወጣ ጀርባ? ተማሪው ሄዶ በእግሩ ይለካው።

ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችንን በአክብሮት የምንለምነው አለን። የምሕንድስና፣ የሕግ፣ የምጣኔ ሀብትና የጂኦግራፊ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በየበኩሉ ከሚጽፍ፣ በአንድ ምንጭ ላይ ተባብረው ቢሠሩ፣ ሐኪሞች በአንድ በሽተኛ ላይ እንደሚመካከሩት ይሆናል። የተጻፈውም በመደርደሪያ ላይ ከሚቀር በአማርኛ አጥሮ ወደ ተጠናበት ቀበሌ ተመልሶ ይነበብ። የሰጠንን መልስ የማያይ ሕዝብ ሁለተኛ ጊዜ እውነቱን አይነግረንም።

ሦስተኛ፣ ለወረዳ ሹማምንት የምንለው ቀላል ነው። በየውኃው ቦታ ላይ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል፤ ብልሽት ሲደርስ ተጠያቂው የትኛው ክፍል እንደሆነና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚጠገን ይጻፍበት። በውኃ ኮሚቴው ውስጥ ሴቶች ለስም ሳይሆን ከግማሽ ባላነሰ ቁጥር ይግቡ፤ ቁልፉንና ገንዘቡንም ይያዙ። ሒሳቡ በቅሬ ስብሰባ ሰው ሁሉ እየሰማ ይነበብ። ከምንጭ ራስ ያለው መሬት ሲከለል ደግሞ ባለ መሬቱ ካሣውን ያግኝ እንጂ ብቻውን አይክሰር።

ይህ ሁሉ የዓለምን የውኃ ችግር አይጨርስም። የወግዲንም በአንድ ዓመት አይጨርስም፤ ዝናም ለሰው ፈቃድ አይታዘዝም፤ የመንግሥት ገንዘብም ውሱን ነው። ነገር ግን ጥቂት ገንዘብ ባለበት አገር ማን እንደሚወስንና ማን እንደሚጠየቅ ማወቅ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። ካይሮን የጠየቅነውን ጥያቄ ራሳችንን ለመጠየቅ ድፍረት ይኑረን። ደብተሩን ይዘን የምንመለስበት ቀን ሲደርስ፣ ይህች ጋዜጣ ያመጣችሁትን ለማተም ገጿን ክፍት አድርጋ ትጠብቃለች።